እርሻው ያልመጣበት ቅዳሜ

ቅድም ስትገቢ ከጃንጥላሽ የተንጠባጠበው ውኃ ይኼን የደንገል ምንጣፍ አረሰው። አትጨነቂ፣ ይደርቃል። ዝም ብዬ ያየሁሽም ተቆጥቼ አይደለም፤ ሽታው ነው። ደንገል ሲርስ የሚያወጣው ሽታ አለ፤ ጭቃ ጭቃ፣ ትንሽ ዓሣ ዓሣ፣ ትንሽ ደግሞ ገና እንደታጨደ ሣር። እሱ ሲመጣብኝ ሃያ ዓመቴ ነው፣ ሐይቁ ዳር ተቀምጫለሁ፣ በዙሪያዬ ያሉትም ሁሉ በሕይወት አሉ።

የማኅበሩን ታሪክ ንገሪኝ፣ ለበዓሉ መጽሔት እናወጣዋለን አልሽኝ። ስለ መሥራቾቹና ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ሌሎቹ ይነግሩሻል። እኔ የምነግርሽ አንድ ነገር ነው፤ ከፈለጋችሁ አውጡት፣ ካልፈለጋችሁ ተዉት። ስልክሽን ብቻ እዚያ ወንበሩ ላይ አድርጊልኝ፤ ፊቴ ላይ ሲደገን ቃሉ ይጠፋብኛል።

ማኅበሩን ያቆሙት በንጉሡ ጊዜ ከሐይቅ ከተማ ተነሥተው መጀመሪያ ኮሌጅ የገቡ አራት ልጆች ናቸው። አዲስ አበባ ላይ አንድ ክፍል ተከራይተው፣ አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት እየለበሱ፣ ከኋላችን የሚመጣው ልጅ እንደኛ አይንገላታ ብለው ተማማሉ አሉ። ከዚያ ወዲህ ከሐይቅም ከአምባሰልም ኮሌጅ የገባ ሁሉ የማኅበሩ ልጅ ሆነ። አውቶቡስ ተራ የሚቀበልሽ አለ። አልጋ ይዞልሽ፣ የትኛው መምህር እንደሚከብድ ነግሮሽ፣ የዓመት መጽሐፉን አውርሶሽ ይሄዳል። በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም በማይጾምበት የሐምሌ ቅዳሜ፣ ተማሪውም ተመርቆ ሥራ የያዘውም ከያለበት መጥቶ ሐይቁ ዳር ከወርካው ሥር ይሰበሰባል። የሚበላው ዓሣ ነው። ሥጋ ቢሆን ሁለት ማዕድ ያስፈልግ ነበር፤ ዓሣ ግን ለሁላችንም አንድ ነው።

አዲስ የገባ ልጅ ጫማውን አውልቆ እስከ ጉልበቱ ሐይቁ ውስጥ ይቆማል። ታላላቆቹ ከዳር ሆነው ይጠይቁታል። «ወንድምህ ቢቸገር?» ይሉታል። «አለሁ» ይላል። «ቢታመም?» «አለሁ።» «ሰው ሁሉ ቢሸሸው?» «አለሁ!» ይላል፣ ጮክ ብሎ፣ ከወዲያ ማዶ የታጠበ ልብስ የሚያሰጡ ሴቶች እስኪስቁ ድረስ። ከውኃው ሲወጣ ስሙ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ በሚማረው ትምህርት ነው የሚጠራው። እኔ ማኅበሩ ውስጥ ሦስተኛዋ ሴት ነበርኩ። ነርሷ አሉኝ። ዛሬም ከነዚያ ሰዎች የተረፈ አንድ ቢደውልልኝ ነርሷ ነው የሚለኝ።

እርሻው የአርዲቦ ገበሬ ልጅ ነበር፤ እርሻ ኮሌጅ ነበር የሚማረው። አባቱ ሞቷል፣ እናቱ ከሱ ሌላ ልጅ የላትም። ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚከድን። ሐኪሙ ደግሞ ከተሜ ነው፤ የሕክምና ተማሪ፣ ቀልደኛ፣ ከእርሻው የማይለይ። ሁለቱ አብረው ሲሄዱ አንደኛው ብቻ ነበር የሚያወራው። እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው እርሻውን ነበር። እንዴት አድርጌ እንደምወደው ግን ያኔ ራሴን አልጠየቅኩም። እኔ የእስላም ነጋዴ ልጅ ነኝ፣ እሱ ክርስቲያን ነው፤ ጥያቄው ቢመጣም መልሱ ስለሚያስፈራኝ አልነካሁትም።

እንግዲህ ያ ዘመን እንዴት እንደነበር ለናንተ ማስረዳት ይቸግረኛል። በቀይ ሽብር ማግስት ነው። ሦስት ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ካወራ አራተኛው ምን ብለው ይሆን እያለ ያልፋል። አባቴ ሱቁ ውስጥ ያገር ሰው ሁሉ ይጫወትበት የነበረውን አግዳሚ ወንበር አነሣው። ወንበር ካለ ሰው ይቀመጣል፣ ከተቀመጠ ያወራል አለ። ማኅበሩም የዓመቱን ቅዳሜ የሚያከብረው ቀበሌ አስፈቅዶ፣ ለታናናሾች ትምህርት የምናስጠናበት ዕቅድ ነው እያለ ነበር።

በዚያ ዓመት በሚያዝያ እርሻውና ሐኪሙ ለእረፍት ሲመጡ ደሴ ላይ ከአውቶቡስ አውርደው ያዟቸው። ወረቀት ተገኘባቸው ተባለ። የማን ወረቀት፣ ምን የሚል ወረቀት፣ ማንም አልነገረንም። የሐኪሙ እናት ስንቅ ይዛ በየሳምንቱ ደሴ ትመላለስ ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት እርሻው ተፈታ። ሐኪሙ አልተፈታም።

እኔ ክረምቱን አገሬ ስገባ ወሬው ከኔ ቀድሞ ቤት ደርሶ ነበር። እህቴ ሻንጣዬን እየተቀበለች፣ ገና እንኳን ደህና መጣሽ ሳትለኝ፣ «እርሻውን ሰምተሻል?» አለችኝ። አንድ በርበሬ ነጋዴ አይቶታል አሉ። እርሻው የተፈታ ዕለት ከከተማው ወዲህ፣ ድልድዩ ጋ፣ ከመንግሥት ላንድሮቨር ሲወርድ። ሹፌሩ እጁን አውጥቶ ትከሻውን መታ መታ አድርጎት ተመለሰ አሉ።

ከዚያ በኋላ የማየው ሁሉ ማስረጃ ሆነብኝ። ገበያ አገኘሁት። ከስቶ ነበር፤ እኔ ግን ክሳቱን ትቼ ጫማውን አየሁ፤ አዲስ የላስቲክ ጫማ ነበር። ፊቱ ላይ ጠባሳ ፈለግሁ፣ አጣሁ። ጠባሳ ባለማግኘቴ ቅር ያለኝ ሰው ነኝ እኔ! ሰላም ብሎኝ ሲያበቃ፣ «ዘንድሮ ቅዳሜ እነማን ይመጣሉ? ጋሼ ሒሳብስ ይመጣ ይሆን?» አለኝ። ጋሼ ሒሳብ ከአራቱ መሥራቾች አንዱ ነው። የሒሳብ አስተማሪ ነበር፤ አብዮቱ መጥቶ ደሴ ላይ ትልቅ ሹመት ሰጠው። «እኔ እንጃ» አልኩት። ቤቴ ገብቼ ያንን ጥያቄ ሳገላብጥ ዋልኩ። እነማን ይመጣሉ ያለው ለምንድነው? ለማን ሊነግር ነው?

መሐንዲሱ የዚያን ዓመት ሰብሳቢያችን ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ አምስታችንን ጠርቶ እናቱ ጓሮ፣ ከጌሾው አጠገብ አስቀመጠን። ሬዲዮኑን በመስኮቱ ላይ አድርጎ ከፍ አድርጎ ከፈተው፤ ጎረቤት እንዳይሰማ። ማርሽ እየተጫወተ ነው የተነጋገርነው።

«ሰው ሁሉ ከዚያ ግቢ የሚወጣው ተሸክመውት ነው። እሱ በመኪና?» አለ መሐንዲሱ።

«ምናልባት ዘመድ ይኖረዋል» አለች አንዷ።

«የአርዲቦ ገበሬ ደሴ ላይ ምን ዘመድ አለው?»

እኔም የገበያውን ጥያቄ ተናገርኩ። ማንም አላስገደደኝም። እነማን ይመጣሉ ብሎ ጠየቀኝ አልኩ። ጋሼ ሒሳብን ነጥሎ መጠየቁን ግን ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ዘለልኩት። ስናገር ሁሉም ወደ መሬት አዩ፤ ነገሩ በዚያ አለቀ። ቅዳሜ እንዳይመጣ ይነገረው ተባለ። ማን ይንገረው? መሐንዲሱ ወደኔ ዞረ። «አንቺ ንገሪው። ባንቺ አይቆጣም።»

ወደ አርዲቦ ብቻዬን ወጣሁ። ጧት ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ ከኮረብታው ጫፍ ሆኜ ወደ ኋላ ሳይ ትልቁ ሐይቅ በጉም ተሸፍኖ ዳሩ ብቻ ይታያል፤ ከፊት ለፊቴ ደግሞ ትንሹ፣ አርዲቦ፣ እንደ ሰሐን ውኃ ጭልል ብሎ ተኝቷል። መንገዱን በሙሉ የምለውን ቃል ስለማመድ ነው የሄድኩት። ደግሞ የሚከተለኝ ሰው ያለ ይመስለኝና ዞር ዞር እላለሁ።

በቆሎ ሲኮተኩት አገኘሁት። ሲያየኝ መኮትኮቻውን ጥሎ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ፣ «እማ! ከከተማ ሰው መጣልን!» ብሎ ጮኸ። እናቱ ከቤት ወጥታ አንገቴን አቅፋ አልለቅም አለችኝ። እርጎ በቅል አቀረበችልኝ። «ጠጪ የኔ ዓለም። ይኼን ልጅ ከፈቱልኝ ወዲህ ከጓደኞቹ የመጣሽው አንቺ ብቻ ነሽ» አለች።  እርጎውን እንደምንም ጨርሼ ቅሉን መለስኩላት።

ስነሣ እርሻው ሸኘኝ። የበቆሎውን ማሳ አለፍን። ከዚያ ቆምኩና፣ ፊቱን ሳላይ፣ «ቅዳሜ እንዳትመጣ ተባለ» አልኩት።

«ማን አለ?»

«ማኅበሩ።»

«አንቺስ?»

«ሁላችንም።»

ሳቅ ሊል ሲል አፉን በእጁ ከደነ፤ ግን አልሳቀም፤ እጁ እንደዚያው አፉ ላይ ቀረ። እኔም ያን ጊዜ ልቤ ራራና፣ «እንዴት ፈቱህ? እሱን ብቻ ንገረኝ። ለኔ ከነገርከኝ እኔ አስረዳቸዋለሁ» አልኩት።

«እሱን አትጠይቂኝ» አለ። «ሌላ የፈለግሽውን ጠይቂኝ።»

«ከላንድሮቨር ስትወርድ ታይተሃል።»

«ልክ ነው።»

«የማን ነው?»

ዝም አለ። እዚያው ቆመን ዝናቡ መጣብን፤ ጠብታው በቆሎው ቅጠል ላይ ሲወድቅ ይሰማል። ዝምታው ለኔ መልስ ሆነልኝ። እንግዲያው እውነት ነው አልኩ በልቤ። ሐኪሙን ሸጦታል። አሁን ደግሞ ተረኞቹ እኛ ነን።

«እሺ፣ አልመጣም» አለ በመጨረሻ። «ዝናብ ነው፤ እስከ ዋናው መንገድ ላድርስሽ።»

«ይቅር» አልኩት። «ሰው ያየናል።»

ይኼውልሽ ልጄ፣ በነርስነት ሠላሳ ዓመት ስሠራ ብዙ ሰው እጄ ላይ ሞቷል፣ ብዙ ክፉ ዜና ለሰው ነግሬያለሁ። እንደዚያች ቃል የሚከብደኝ ግን የለም። ቆሞ ሲያየኝ ይሰማኝ ነበር፤ ዞር ብዬ አላየሁትም።

ቅዳሜ ደረሰ። እንደ ወትሮው ደንገል ተነጠፈ፣ ዓሣው ተጠበሰ፣ ሁለት አዲስ ልጆች ሐይቁ ውስጥ ቆሙ። ግን ማንም ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ሰው ሁሉ ቢሸሸው?» ሲባሉ ልጆቹ «አለሁ» ያሉት በሹክሹክታ ነው። እያንዳንዱ ሰው ከመቀመጡ በፊት አጠገቡ ማን እንዳለ ያያል። በፊት አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበን ነበር የምንቀመጠው፤ ያን ቀን በየመካከላችን አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ነበር።

እኩለ ቀን ላይ የመንግሥት ላንድሮቨር ከመንገዱ ወደኛ ታጠፈ። የአንዷ ልጅ እጅ የኔን ክንድ ጨመደደው። የወረደው ጋሼ ሒሳብ ነበር፤ ራሱ እየነዳ፣ ብቻውን። ሁላችንም ብድግ አልን። ድሮ ሲመጣ የምናቅፈው ሰው፣ ያን ቀን ተሰልፈን ጨበጥነው። ተቀመጠ። ዓሣ አቀረቡለት። ዓይኑ ከአንዱ ፊት ወደ አንዱ ይዘላል፤ እየቆጠረን መሰለኝ።

«እርሻውስ?» አለ።

 መሐንዲሱ ቆይቶ፣ «አሞት ነው ጋሼ» አለ።

«ምን አመመው?»

«እኔ እንጃ። ጉንፋን ይሆናል።»

ጋሼ ሒሳብ የቆረሰውን እንጀራ ሳህኑ ላይ መለሰው። ደግሞ ሁላችንንም አንድ በአንድ አየን። አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ወደ አዲሶቹ ልጆች፣ ወደ መንገዱ፣ ወደ ዓሣ ጠባሾቹ አየና ተወው። ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይቀመጥ ተነሣ። መኪናው እንደራቀ መሐንዲሱ ጠጋ ብሎ፣ «አያችሁ? ሰላዩን ፍለጋ ነው የመጣው። እንኳን አልመጣ» አለ። እኔም አልሐምዱሊላህ አልኩ። ወላሂ፣ ከልቤ ነው ያልኩት።

ከዚያ በኋላ ያለው በአጭሩ የሚነገር ነው። እርሻው ኮሌጁን ጨርሶ አምባሰል የእርሻ ልማት ሠራተኛ ሆኖ ተመደበ። ከዚያ እስከ ሐይቅ የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ ከተማችንን ግን ረግጧት አያውቅም። እናቱን ሊጠይቅ ሲመጣ እንኳ በጓሮ መንገድ አርዲቦ ገብቶ በዚያው ይወጣል አሉ። ጋሼ ሒሳብ በዓመቱ ራሱ ተያዘ፤ የት እንደደረሰ ዛሬም ድረስ ቤተሰቡ አያውቅም። ማኅበሩም ተበተነ። ማንም አልከለከለንም፤ ሐምሌ ሲመጣ ጠሪ ጠፋ፣ እንዲሁ ቀረ። እናንተ ኋላ ያቋቋማችሁት ያንን ስም የያዘ ሌላ ማኅበር ነው።

እኔ ተመርቄ ሐይቅ ጤና ጣቢያ ተመደብኩ። አምስት ዓመት አልፎ፣ በመስከረም በዓል ምክንያት እስረኞች ሲለቀቁ፣ ሐኪሙ ወጣ። እናቱ እጁን ይዛ ጤና ጣቢያ አመጣችው። እናቱ ባትይዘው አላውቀውም ነበር። ያ ቀልደኛ ልጅ፣ ጥርሶቹ ረግፈው፣ እግሩ አብጦ፣ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ቁስሉን ሳጥብለት እኔን ለማሳቅ ሞከረ፤ እኔ ስላልሳቅሁ እሱ ተገረመ። እናቱ ውኃ ልታመጣ ስትወጣ ድምፁን ዝቅ አደረገና፣

«እርሻውስ? ለምን አልመጣም? እስካሁን ያልሰማ ይመስልሻል?» አለኝ።

«አምባሰል ነው» አልኩት።

«አሁንማ ይነገራል» አለ። «ሰውዬው የለም። እርሻውን ያስፈታው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ?»

እጄ ቁስሉ ላይ ቆመ።

ጋሼ ሒሳብ ነበር። ሁለቱን ወደ ቢሮው አስጠራቸው፤ በሩን ዘጋ። ከሁለታችሁ አንዳችሁን ብቻ ነው ማስወጣት የምችለው አላቸው፤ ለሁለት ብሞክር ሦስታችንም እናልቃለን አለ። እርሻው እሱ ይውጣ አለ። ሐኪሙ የለም፣ እሱ ይውጣ አለ። «እናቱ ብቻዋን ናት፤ እኔ ወንድሞች አሉኝ» አለኝ ሐኪሙ። «በዚያ ላይ የኔ ፋይል ከብዷል። ቁጭ ብዬ ለመንኩት። አልቅሶ ነው የወጣው፤ ፖሊስ ቢመታውም ያላለቀሰ ልጅ።» ጋሼ ሒሳብ ያን ቀን እርሻውን አስምሎታል፤ ማን እንዳስፈታህ ለእናትህ እንኳ ብትናገር እኔን ገደልከኝ ማለት ነው ብሎ። ኋላ ጋሼ ለሐኪሙ እንደነገረው፣ በደም የራሰ ጫማውን አስወልቆ፣ አዲስ ገዝቶለት፣ ራሱ እየነዳ ድልድዩ ድረስ አመጣው።

«እኔ እዚያ ስተኛ የሚያጽናናኝ ምን እንደነበር ታውቂያለሽ?» አለኝ ሐኪሙ። «እርሻው አሁን ሐይቁ ዳር ከልጆቹ መሃል ተቀምጦ ዓሣ እየበላ ነው እል ነበር። በየሐምሌው እንደዚያ እል ነበር። ስንት ሐምሌ!»

ምን ብዬ ልንገረው? ፋሻውን ጠቀለልኩ፣ ፈታሁ፣ እንደገና ጠቀለልኩ። ከዚያ ነገርኩት። ማን እንደተሰበሰበ፣ ማን ምን እንዳለ፣ ማን እንደተላከ። ሐኪሙ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። አልተቆጣም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ፤ እናቱ ውኃውን ይዛ ስትመለስ እንቅልፍ ወሰደው ብላ ቀስ ብላ አስቀመጠችው።

ወዲያው በዚያ ሳምንት ግሸን ማርያምን የሚያነግሡበት ነበር። ከምእመናኑ ጋር አውቶቡስ ላይ ተሳፈርኩ፤ ሻሼን አይተው እንኳ ማንም ምን ፈልገሽ አላለኝም፤ አንዲት ባልቴት ስለት ያለብኝ መስሏት፣ «ትስማሽ ልጄ» አለችኝ። አውቶቡሱ ከቆመበት እነሱ ወደ ተራራው ወጡ፣ እኔ ጠይቄ ጠይቄ ከበታች ወዳለው ቀበሌ ታጠፍኩ። አቀበቱን ስወጣ ከሩቅ አየሁት። ቤቱ ደጃፍ ከአንዲት ትንሽ ልጅ ጋር ተቀምጦ የባቄላ እሸት ይፈለፍላል። እኔንም አየኝ። አልተነሣም። እስክደርስ ድረስ ዝም ብሎ ይመለከተኝ ነበር።

ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ። ሐኪሙ እንደተፈታ፣ ሁሉን እንደነገረኝ፣ እኔ ያደረግሁትን፣ ይቅር እንዲለኝ። እሱ የሰማው የመጀመሪያውን ብቻ መሰለኝ።

«ተፈታ?» አለ። «በእግሩ ይሄዳል? ይበላል? ይተኛል?»

«ይተኛል።»

ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ረጅም ጊዜ ቆየ። የምእመናኑ ዝማሬ ከተራራው መንገድ እየመጣ ይሄዳል። ሚስቱ ወጥታ መቀመጫ ሰጠችኝ። ቀና ሲል ዓይኑ ቀልቷል፤ ድምፁ ግን እንደ ድሮው የረጋ ነው።

«ባንቺ ቂም የለኝም» አለኝ። «አንድ ነገር ግን እውነቱን ልንገርሽ። ድሮ እንደዚህ አልነበርኩም። አሁን ከታች ስትመጪ ሳይሽ፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ማን ላካት ብዬ ነው።»

«ማንም አልላከኝም» አልኩት።

«እሺ» አለ።

አምኖኝ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ወደ ልጁ ዞረ። «ነይ» አላት፣ «አክስትሽ ናት፣ ሳሚያት።» ልጅቱ እሸቱን በጭብጧ እንደያዘች ብድግ አለች። መጀመሪያ ቀና ብላ የአባቷን ፊት ደህና አድርጋ አየችው፤ ከዚያ ነው ቀስ ብላ ወደኔ የመጣችው።